ስለ መንገዳችን የፍጥነት ወሰን፤ ማኅተሙን ለምን እንዳዘገየነው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



 መቀመጫ ያልደረሳችሁ ይቅርታ አድርጉልን፤ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ለቅሶ ቤት ናቸው።

የዛሬው ጉዳይ አንድ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ተነሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በሚደርሰው መንገዳችን ላይ ማንኛውም መኪና በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ፣ የጭነት መኪናና ባጃጅም ጭራሽ እንዳይገባበት የሚጠይቅ ደብዳቤ ለወረዳው ተዘጋጅቷል። ደብዳቤውን የጻፉት ወላጆች ናቸው፤ ብዙዎቻችሁም ፈርማችሁበታል። ማኅበሩ ማኅተሙን እንዲያሳርፍበት ተጠይቆ እኛ ሦስት ሳምንት ይዘነው ቆየን። «ኮሚቴው ምን ነካው? ከሾፌሮች ጋር ተሻረከ እንዴ?» የተባለውንም ሰምተናል። እንደዚያ አይደለም። ጥርጣሬ ስላለን ነው፤ ጥርጣሬያችንንም ዛሬ ፊት ለፊት እንናገራለን።

ነገሩ ከምን እንደተነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚኒባስ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ፈጣሪ ይመስገን ነፍሷ ተርፏል፤ እስከ ዛሬ ግን በክራንች ነው የምትሄደው። የገጫትም ሾፌር የሩቅ ሰው አይደለም፤ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች የአንድ ዕድር አባሎች ናቸው፤ ዛሬም ሁለቱም እዚህ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ንግግራችንን በጥንቃቄ ነው የምናደርገው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ይህ መንገድ ከመታደሱ በፊት ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ትልቅ ጉድጓድ ነበረ አይደል? ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ሞልቶት ኩሬ የሚሆነው። ያን ጉድጓድ ስንት ዓመት ረገምነው! አቤቱታ ጻፍንበት፣ ለስብሰባ ወጣንበት። ታዲያ ያ ጉድጓድ በነበረበት ዘመን በዚያ ቦታ ላይ አንድም ሰው ተገጭቶ አናውቅም። ሚኒባሱም፣ ገልባጩም፣ የሀብታሙም መኪና እዚያ ሲደርስ ወደ አንደኛ ማርሽ ይመለስ ነበር። ሰሌዳ አልነበረውም፣ ትራፊክ ፖሊስ አልቆመበትም፣ ቅጣት አልተቆረጠበትም፤ ሁሉም ግን አከበረው። አስፋልቱ ታድሶ ጉድጓዱ በተደፈነ ማግስት መኪናው ሁሉ መብረር ጀመረ። አስፋልቱን ለምነን ያመጣነው እኛው ነን፤ ከአስፋልቱ ጋር ምን አብሮ መምጣት እንደነበረበት ግን አልጠየቅንም።

የኮሚቴው አባሎች ነገሩን በወሬ ብቻ ላለመወሰን ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ መንገድ ዳር ቆመን አየን። በሁለት የመብራት ምሰሶዎች አጠገብ በሜትር ለክተን 100 ሜትር ምልክት አደረግን፤ በእጅ ስልክ ሰከንድ ያዝን። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ልጆቻችሁም ሊሠሩት ይችላሉ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 100 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በ60 የሚሄደው በ6 ሰከንድ። ያየነው አብዛኛው መኪና ከ12ቱ ይልቅ ለ6ቱ የቀረበ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት «ቀስ በል፤ ተማሪዎች» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። አንድም ሾፌር ሰሌዳውን አይቶ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሣ አላየንም። በሁለተኛው ቀን ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ሲቆም ሁሉም ዝግ አለ፤ ፖሊሱ ሲሄድ ሁሉም ወደ ጠባዩ ተመለሰ። እንግዲህ አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ሁለተኛ ቆርቆሮ ብንጨምርበት ምን ይለወጣል?

እዚህ ላይ ግን ቃላችንን እንዳታጣምሙብን። ዝግታ ጥቅም የለውም አላልንም፤ ያንን የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በሰዓት 60 የሚነዳ ሾፌር አንድ ልጅ ስትሻገር አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ባለችው አንዲት ሰከንድ ውስጥ መኪናው 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ፣ ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ30 የሚነዳው ግን ለሰከንዷ 8 ሜትር፣ ለፍሬኑ 5 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ይህም ማለት አንደኛው 13 ሜትር ላይ ቆሞ ልጅቱን «አይዞሽ፣ እለፊ» ሲላት፣ ሌላኛው በዚያችው ቦታ ላይ ፍሬኑን እንኳ ገና አልረገጠም። የመኪናው ምት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ የሚጨምር አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም።

«ከእኛ የተሻሉ አገሮች እኮ አድርገውታል» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እውነት ነው። የኦስትሪያዋ ከተማ ግራዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዋና ዋና መንገዶች በስተቀር መላ ከተማውን በ30 ወስናለች። የየአገሩ ሚኒስትሮችም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስቶክሆልም ተሰብስበው እግረኛና መኪና በሚደባለቁበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ መክረዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔም በዚያው ዓመት ደግፎታል። ነገር ግን የዌልስን ታሪክ ደግሞ ስሙ። የዚያች አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2023 በከተማና በመንደር መንገዶች ላይ የነበረውን ወሰን በአንድ ጊዜ ከ48 ኪሎ ሜትር ወደ 32 አወረደው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር ከ460 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ትእዛዙ ይሰረዝ ተብሎ! መንግሥቱም በሚቀጥለው ዓመት አንዳንዱ መንገድ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል ለማለት ተገደደ። ሆኖም በዚያው የመጀመሪያ ዓመት በእነዚሁ መንገዶች ላይ የተጎጂው ቁጥር ሩብ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ የፈረመውም ሕዝብ፣ የወሰነውም መንግሥት ለየራሱ እውነት ነበረው። ሕዝቡን ያስቆጣው ዝግታው ብቻ አይመስለንም፤ ሰፊውንም ጠባቡንም መንገድ አንድ ላይ ጠቅልሎ መወሰኑ ነው።

የእንግሊዝ ነገር ከተነሣ አይቀር አንድ የቆየ ወሬ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1865 በወጣው ሕጋቸው በሞተር የሚሄድ ሠረገላ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም እንዳያልፍ፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም ታዝዞ ነበር። ከእግረኛ ያነሰ መሆኑ ነው! ሕጉ ቆይቶ ተሻረ። በ1930 ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው የአነስተኛ መኪናን የፍጥነት ወሰን ፈጽሞ አነሡት። በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሰው ሲሞትባቸው በ1935 በከተማ ውስጥ መልሰው 48 አደረጉት። እንዲህ ነው የመንገድ ሕግ፤ አንዴ ጠብቆ አንዴ ላልቶ የሚሄድ። እኛ የምንጠይቀው ከመጥበቁም ከመላላቱም በፊት መንገዱንና ሰውን የሚያይ ዓይን እንዲኖር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ ከተማ እገዳ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዴት እንደሚወጣም በማን ላይ እንደሚያርፍም እናውቀዋለን። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ታገደ። ምክንያቱ ቅሚያና ዝርፊያ ነው ተባለ። ቅሚያው ነበረ፤ አልካድንም። ነገር ግን በሞተር ዕቃ እያደረሱ እናታቸውን የሚጦሩ የዚህ ሰፈር ልጆች ከቀማኛው ጋር አንድ ላይ ተቆጠሩ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ታክሲው ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። የቤት መኪናም በታርጋ ቁጥሩ ሙሉና ጎዶሎ እየተባለ በፈረቃ ወጣ። በሽታ ስለሆነ ሁላችንም ተቀበልነው፤ እጥፉን ሒሳብ የከፈለው ግን በታክሲ የሚሄደው ነው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ባጃጅ በመላ ከተማው ቆመ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ። እነዚያን ጥቂት ቀናት ጤፏን በጀርባዋ ተሸክማ ወፍጮ ቤት የሄደች ሁሉ አትረሳቸውም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተባለ። ይህኛው ለአብዛኞቻችን ሩቅ ነው፤ የእኛ ሐሳብ የታክሲ ወረፋ ነው። (የኤሌክትሪኩ መኪና ግን ድምፅ የለውም፤ ዝግ ብሎ ሲመጣ ከኋላችሁ መድረሱን አትሰሙትም። ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።)

የታርጋ ፈረቃ ነገር የሜክሲኮን ከተማ ያስታውሳል፤ ሜክሲኮ አደባባይን ሳይሆን አገሩን ማለታችን ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1989 የአየሩን ጭስ ለመቀነስ እያንዳንዱ መኪና በሳምንት አንድ ቀን እንዲቆም ታዘዘ። ገንዘብ ያለው ምን አደረገ? ሌላ ታርጋ ያለው ሁለተኛ መኪና ገዛ። በኋላ የተደረገ ጥናትም አየሩ ስለመሻሻሉ ማስረጃ አላገኘም። ያለው ሰው ከእገዳ ማምለጫ አያጣም፤ የሌለው ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ የ30ው ወሰን በማን ላይ እንደሚያርፍ እንይ። ከዚህ እስከ ዋናው አስፋልት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ50 ቢነዳ ከሦስት ደቂቃ ተኩል ትንሽ ይበልጣል፤ በ30 ቢነዳ ስድስት ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ። መገናኛ ላይ ለታክሲ አርባ ደቂቃ ለሚሰለፍ ተሳፋሪ ሁለት ደቂቃ ምንም አይደለችም፤ «ሥራዬ ላይ ልዘገይ ነው» ብሎ መከራከር አያስኬድም። ለሾፌሩ ግን ሌላ ነው። በቀን 20 ቢያጆ የሚሠራ ሾፌር 48 ደቂቃ ይጎድልበታል፤ ይህም ሁለት ሦስት ቢያጆ ነው። ለባለንብረቱ በየቀኑ የሚያስገባው ገንዘብ ግን አይቀነስለትም፤ ለረዳቱም ይከፍላል፤ ነዳጁንም ይቀዳል። የሚያስሮጠው ይህ ነው እንጂ ሾፌር ሁሉ ሰው ለመግጨት አይወጣም። ቅጣቱ ሲመጣም የሚቀጣው እሱ ነው፤ የቀን ገቢውን የተመነው ሰው አይቀጣም። በመጨረሻ ጉድለቱ ወደ ታሪፍ ተመልሶ እኛ ላይ ይመጣል። የትራንስፖርት ነገር ከተነካ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል፤ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሲቆሙ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ማን ገምቶት ነበር?

ስለ ጭነት መኪናውና ስለ ባጃጁ ብዙ አንናገርም። የጭነት መኪና ጭራሽ አይግባ ካልን ለወፍጮ ቤቱ እህሉን ማን ያመጣል? ቧንቧው ሲጠፋ የውሃ ቦቴ በየት ይገባል? ባጃጅ ካስቆምን ደግሞ ነፍሰ ጡሮቻችንና አዛውንቶቻችን ጤና ጣቢያ በምን ይሂዱ? ይህ የደብዳቤው ክፍል ተቸኩሎ የተጻፈ ነው ብለን እናምናለን፤ ወላጆቹም ስናነጋግራቸው ግማሹን ተቀብለውናል።

«ታዲያ ምን ይደረግ ትላላችሁ? ዝም ይባል?» ብትሉ፣ አይባልም። ያ ጉድጓድ የሠራውን ሥራ በደንብ የሚሠራ ነገር ይሠራልን ነው የምንለው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ያለው ዜብራ ከአስፋልቱ ከፍ ተደርጎ፣ በመሐንዲስ ልክ ይሠራ። በመሐንዲስ ልክ ያልንበት ምክንያት አለን። ባለፈው ዓመት ወጣቶቻችን ሲሚንቶ አዋጥተው በሌሊት የሠሩት ጉብታ በቅን ልብ የተሠራ ነበር፤ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ሆነና ምጥ የያዛትን እናት የጫነ ታክሲ ከሥሩ ተመትቶ ቆመ። እናትየዋ በሰው ሸክም ነው ጤና ጣቢያ የደረሰችው። ጉብታው ፈረሰ፤ መፍረሱም ልክ ነበር። ከዚህም ሌላ የተከፈተው የውሃ ቦይ ክዳን ያግኝ፤ ልጆቹ መሐል አስፋልት ላይ የሚሄዱት ወደውት አይደለም። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው፤ መሄጃ ያጣ እግረኛ። በኮሪደር ልማቱ ትልልቆቹ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ አግኝተዋል፤ እኛም ከዚያ ትንሽ እንዲደርሰን እንጠይቃለን።

መንግሥትን ስንጠይቅ ግን ራሳችንንም እንጠይቅ። ያለችውን ጠባብ የእግረኛ መንገድ የዘጋው ማን ነው? እኛው ነን። አሸዋና ጠጠር የተከመረው እዚያ ላይ ነው፤ የሱቁ ሣጥን፣ የጋራዡ ጎማ፣ የድንች ጆንያው እዚያ ላይ ነው። ከኮሚቴው አባሎች አንዱም ለቤቱ ግንብ ያመጣው ብሎኬት ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ተኝቷል። ስሙን አንጠራም፤ ሰውየው እዚህ መድረክ ላይ ስለተቀመጠ ራሱን ያውቃል። እስከ መጪው ቅዳሜ ያነሣል።

አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት ቢሯችን ድረስ መጥተው «እናንተ መሐንዲስ እስክታመጡ፣ ቦይ እስክታስከድኑ ሁለት ዓመት ይሆናል። ሰሌዳው ግን ነገ ሊተከል ይችላል። ከሺህ ሾፌር አንዱ አይቶት ቢቀንስ፣ ያ አንዱ የእኔን ልጅ ያተርፋል» አሉን። ለዚህ መልስ አጥተን ዝም አልን። ከዚያ በኋላ በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ምሽት ተከራከርን፤ እውነቱን ለመናገር እስከ አሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ግማሾቻችን ሰሌዳው ከተተከለ ወረዳው ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥራል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዜብራ የሚሰማን የለም ብለን እንፈራለን። ግማሾቻችን ደግሞ የእናትየውን ቃል ማለፍ አልቻልንም።

ስለሆነም ለዛሬው ስብሰባ የምናቀርበው ይህን ነው። ደብዳቤው እንዲሻሻል እንጠይቃለን። የ30ው ወሰን ከመላው መንገድ ተነሥቶ ከትምህርት ቤቱ በር በግራና በቀኝ 200 ሜትር ላይ እንዲሆን፤ ከፍ ያለው ዜብራና የቦዩ ክዳን ከሰሌዳው ጋር በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ቀን እንዲጠየቁ፤ የጭነት መኪና ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ብቻ እንዲቆም፤ የባጃጁ እገዳ ጨርሶ እንዲሰረዝ። ማኅተማችንን በዚህ ላይ እናሳርፋለን። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዳለ ይሂድ የሚል ድምፅ ከበለጠም ኮሚቴው ለድምፁ ይገዛል፤ ማኅተሙ የእናንተ ነው።

የተሻሻለው ደብዳቤ በጸሐፊው እጅ ነው፤ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ይነበባል፤ ማንበብ ለማትችሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ ያነብላችኋል። ከዚሁ ጋር አንድ የስም መመዝገቢያ ደብተር አለ። ከነገ ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡15፣ ከሰዓት በኋላም ልጆቹ ሲለቀቁ ዜብራው ላይ ቀይ ጨርቅ ይዞ የሚያሻግር ሰው በየቀኑ ሁለት ሁለት ያስፈልገናል። ቅድም በእንግሊዞቹ ባንዲራ የሳቃችሁ እንዳላችሁ አይተናል፤ እናንተም ተመዝገቡ። እስከ አሁን የሰባት ሰው ስም ተይዟል፤ አንዱ የዚያ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ሰኞና ሐሙስን ወስዷል። ለማክሰኞና ለዓርብ ሰው ገና አላገኘንም።